የወንድሜነህ ፊርማ

አሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ኃይለመለኮት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ አላስቀምጥ ያለዎት ወገብዎ እንዴት ነው? እማማ የዓለምዘርፍስ እንዴት ናቸው? እኔና ልጄ ማርያማዊት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀትን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሆቴል የሥራ ጓደኛዬ ከሉሊት ጋር አከበርን። ብርዱ ቄሶቹን ካፖርት ላይ ካባ አስደርቧቸው ነበር፤ ቢሆንም ደስ የሚል በዓል ነበር።

ይህን ደብዳቤ ዘመዶቿን ልትጠይቅ የመጣችው የጀርመንታውኗ አበባ ይዛልዎታለች። በስልክ እንዳላወራዎት፣ ኔትወርክ የመጣ ዕለትም ስልኩ ያለው እማማ ትራስ ስር ነው። ስለዚህ ነጩን ፖስታ ለብቻዎ ያንብቡት። ሰማያዊውን ደግሞ እንደ ልማድዎ ለእማማ ያንብቡላቸው፤ የወንድሜነህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖርበት አፓርትመንት ተሽጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች በቅናሽ ኪራይ የምንኖረውን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠሩ ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን ማለቴ ነው፣ እንደገና ያስፈርማሉ። እኔም በእረፍት ቀኔ ሄድኩ። ማኔጀሯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ኮምፒውተሯን አየችና «እዚህ ላይ የተጻፈው ሁለት ሰው ነው። ባልሽም መጥቶ መፈረም አለበት» አለችኝ።

«ሞቷል» አልኳት። የት ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። እናቱን ከጦርነቱ ሊያወጣ ጥቅምት 2014 እንደሄደ፣ እዚያው ቀርቶ በመኪና ቁስለኛ ሲያመላልስ እንደቆየ፣ ኅዳር ላይ ከባድ መሣሪያ መኪናውን እንዳገኘው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዘነችልኝ። ከዚያ እጇን ወደ ኪቦርዱ መለሰችና «የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ነይ» አለች።

የለኝም። ማን አወጣው? ጋሽዬ፣ እርስዎ ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ በዚያ ከተማ ወረቀት ከየት እንደሚወጣ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል። ካላመጣሁ ቤቱን ልቀቂ ነው የሚሉኝ። የኪራይ ነገር አይደለም፤ አንድም ወር አላጓደልኩም። ግን እዚህ ሰፈር በአልጋ አንጣፊ ደመወዝ የሚከራይ ሌላ ቤት የለም፤ የልጄም ትምህርት ቤት ከመስኮታችን ይታያል።

የእማማን ነገር ረስቼው አይደለም። «አሜሪካ ተመልሷል፤ ጉሮሮውን ኦፕሬሽን ሆኖ መናገር ስለተከለከለ ይጽፍልዎታል» ካሏቸው ቀን ጀምሮ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለጊዜው ብለን የጀመርነው ነገር ሁለት ዓመት አለፈው። እሳቸው ሳይሰሙ፣ ቀስ ብለው ወረቀቱን ማውጣት አይችሉም?

ሹራቡ የእርስዎ ነው፤ ጥቁሩ ሻል የእማማ።

አክባሪዎ ጌጤነሽ


መርሳ፣ የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤነሽ፣

የሄድሽበትን የሚያቀና፣ የገባሽበትን የሚጠብቅ አምላክ ካንቺና ከልጅሽ አይለይ። ጤናዬን ጠይቀሻል፤ ወገቤ እንደ ድሮ ፋይል ሆኗል፣ ሁለት ሰው ካልጎተተው ከመደርደሪያው አይነሳም። ሹራቡ ልክ ነው። እጅጌው ቢረዝምም ለብርድ ይጠቅማል ብዬ አልቆረጥኩትም።

መልሱ የዘገየው በእኔ ስንፍና ብቻ አይደለም። መንገዱ ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጠፋ።

ሰማያዊውን ደብዳቤ ለእትዬ የዓለምዘርፍ አነበብኩላቸው። እኔም እንደ ልማዴ «እማዬ፣ ጉልበትሽን አደራ» የምትል ጨምሬበታለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ድምፁ መቼ ነው የሚመለሰው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሐኪሙ አልቆረጠም አልኳቸው። ለጉሮሮው የሚሆን ተልባና ነጭ ማር ልከዋል፤ ተልባው ተቆልቶ የተወቀጠ ስለሆነ በሙቅ ውኃ ብቻ ይጠጣ ብለዋል። ማሩን ኬላ ላይ ካላስቀሩት ይደርስሻል። ደግሞም ክረምት ሳይገባ የጣሪያቸው ነገር ይታሰብበት ብለዋል። ያን ጊዜ የተበሳው ቆርቆሮ ዘንድሮ ጭራሽ ተገሽልጧል። «ለወንድሜነህ ጻፍለት» አሉኝ፣ ይኸው ጻፍኩ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ጉዳይ። የሞት ምስክር የሚሰጠው ቀበሌያችን ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ እሱ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሟች ሚስት ወይም ወላጅ አንዳቸው ቀርበው አሻራቸውን ማኖር አለባቸው። አንቺ ውክልና ልላክ ብትዪ ከኤምባሲ ውጭ ጉዳይ፣ ከውጭ ጉዳይ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሚያዝያ አይደለም መስከረም ይጠባል። አባቱን ቀድመን ቀብረናል። የቀሩት እናቱ ናቸው።

መዝጋቢው ልጅ ደግሞ እናቱ ከእትዬ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። እኔ ጠዋት ቅጹን ብጠይቅ እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው እሳቸው ደጃፍ ይደርሳል። ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ነው የቀሩት። ሴትዮዋ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጾሙንም አይተዉም። በባዶ ሆዳቸው ይህን ላርዳቸው? ፋሲካ ይለፍ ልጄ። የሚቸኩል አፍስሶ ይለቅማል።

አባትሽ ኃይለመለኮት


አሌክሳንድሪያ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ኃይለመለኮት፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎት። ማሩም ተልባውም ደርሷል። ተልባውን ጠጣሁት። ምን ላድርገው? የእናት እጅ ያለበትን ነገር አልጥል። ማርያማዊት ቀምሳ «ይሄ ሙጫ ነው» ብላ ሸሸች። ለቆርቆሮው በወንድሜነህ ስም ልኬያለሁ፤ ጣሪያው ፋሲካን እንኳ አይጠብቅ።

ለእኔ ግን ፋሲካ ይለፍ ማለት ምን እንደሆነ የገባዎት አልመሰለኝም። ትላንት ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቤቱን ልቀቂ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። ማርያማዊት ከእኔ ቀድማ ገብታ ስለነበር አንብባዋለች፤ እንግሊዝኛው ለእሷ ነው የሚቀለው። «ማም፣ አር ዊ ሙቪንግ?» አለችኝ፤ ቤት ልንለቅ ነው ወይ ማለቷ ነው። የዚህን ወር ኪራይ ስከፍል ደግሞ መልሰው ፖስታ ውስጥ ሰደዱልኝ። ጋሽዬ፣ ተከራይ ከፍሎ ባለቤት አልቀበልም ሲል ሰምተው ያውቃሉ? ከተቀበሉኝ ተከራይ ሆንኩ ማለት ስለሆነ ነው አሉኝ። ማኔጀሯ ዛሬም ፈገግ ብላ «ወረቀቱን ብቻ አምጪ፣ ዕለቱን እናስፈርምሻለን» ትለኛለች። ምስክር አመጣለሁ፣ ቄስ አመጣለሁ፣ እዚህ ለቅሶ የተቀመጡትን አርባ ሰዎች አመጣለሁ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

እኔን ሲያረዱኝ ያስታውሳሉ? እርስዎ ለሉሊት ደውለው፣ እሷ የሆቴሉን ሰው ሰብስባ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኩ። ስምንት ሰው ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ሳይ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ያን ቀን ሁሉንም ጠልቻቸው ነበር፣ ሉሊትን ከሁሉ አስበልጬ። ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ። ቢያንስ አልቅሻለሁ። ጠጉሬን ተቆርጬ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ዓመቱን አውጥቼ አውልቄያለሁ። እማማ ይህ ሁሉ ተነፍጓቸው ለማይናገር ልጅ ተልባ ይወቅጣሉ። እኛ ነን የነፈግናቸው፤ እኔም አለሁበት፣ በእጄ ነው የጻፍኩት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚያ ከተማ ስንቱን መርዶ እርስዎ ተናግረዋል። ሰው ሲጨንቀው ኃይለመለኮትን ጥሩት ነበር የሚባለው። ይህን አንዱን ለምን እንዲህ ፈሩት?

ጌጤነሽ


መርሳ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤነሽ፣

በሞቱ ሞትን የረታ ጌታ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ፋሲካ አለፈ፤ ምክንያቴም አብሮ አለቀ። ጣሪያው ተሠርቷል። እትዬ የዓለምዘርፍ አዲሱን ቆርቆሮ ለመጣው እንግዳ ሁሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ «ልጄ ነው» ይላሉ።

ለምን ፈሩት ብለሽኛል። ይህን ጥያቄ እድሜዬ ካለፈ በኋላ እንኳ ሰው ባይጠይቀኝ ብዬ ነበር። እንግዲህ ስሚኝ።

ወንድሜነህ ያን ጊዜ እንደመጣ በሦስተኛው ቀን ለመውጣት ተዘጋጅቶ ነበር። እናቱን መኪና ውስጥ አስገብቷል፤ ፍራሽ፣ ማሰሮ፣ የእናቱን ሥዕለ ማርያም ሳይቀር ጭኗል። ነዳጅም በጀሪካን ይዟል። እኔ በር ላይ ደረስኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁስለኛ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከመካከላቸው አሥር ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። በከተማው ውስጥ ነዳጅ ያለው መኪና የእሱ ብቻ ነበር። «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደሴ ሆስፒታል አድርሳቸውና ተመለስ» አልኩት። እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። እትዬም «ኃይሌ፣ እሱ እስኪመለስ ይቆዩ ካለ እቆያለሁ» ብለው ወረዱ። ማሰሮዋን ያወረድኩላቸው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ያልኩት አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሲመለስ ሌላ ቁስለኛ ይጠብቀዋል፤ እኔም ደግሜ እለምነዋለሁ። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። በመጨረሻው ቀን «ጋሼ፣ ጌጤነሽ ትገድለኛለች» ብሎኝ እየሳቀ ነው የሄደው።

እና እትዬን «ልጅዎ ሞተ» ብላቸው ቀጥለው የሚጠይቁኝ «ማን ላከው?» ብለው ነው። መንገድ ሲከፈት በአዲስ አበባ በኩል ሄደ ያልኩት፣ የጉሮሮ ኦፕሬሽን የፈጠርኩት ለእሳቸው ልብ አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ። ለራሴ ነው ያዘንኩት። ለአንቺም እስከዛሬ የደበቅኩት ስለዚሁ ነው።

አሁን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነን፤ በደስታው ወራት ማስለቀስ አልፈልግም። ጰራቅሊጦስ ባለፈ በሁለተኛው ቀን እነግራቸዋለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ቀጠሮ ያውቃል፤ ይህን አላስተላልፍም። አንቺ ለእኔ ምንም አትላኪ፤ ከእንግዲህ ካንቺ ምንም አልቀበልም።

ኃይለመለኮት


አሌክሳንድሪያ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ ኃይለመለኮት፣

ደብዳቤዎን ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ ከፈትኩት። የምወርድበትን ጣቢያ ሦስት አልፌ ወረድኩና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሥራ አረፈድኩ፣ ተቆጡኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሟች ባሌ ላይ ቂም ይዤ እንደኖርኩ ያውቃሉ? እናቱን ሊያወጣ ሄዶ ጀግና መሆን አማረውና ልጁንና እኔን ረሳን እያልኩ። አንዳንዴ አንሶላ ሳነጥፍ ከእሱ ጋር እጣላለሁ። እሱ ግን እሺ እንጂ እምቢ የሚል ቃል ስላልነበረው ነው የቀረው፤ ደግሞም ስሜን እየጠራ ነው የሄደው። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዷል። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 15 ነው። ሉሊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጊዲዮን የሚባል ልጅ አገናኘችኝ። እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ በነጻ የሚረዱ ጠበቆች ቢሮ የሚሠራ፣ ትሁት ልጅ ነው። አማርኛው እየተሰበረ ያስረዳኛል። ወረቀቶቼን ሁሉ አይቶ ምን አለኝ መሰለዎት? «እትዬ ጌጤ፣ ሞተ ካልሽ ዴዝ ሰርተፊኬት ይጠይቁሻል። ጥሎኝ ሄደ ካልሽ ግን ፕሩፍ የሚጠይቅሽ የለም፤ አንቺ ብቻ ምለሽ ሳይን ታደርጊያለሽ፣ ስሙን ከሊዙ ያወጡታል።»

«አልጣለኝም እኮ» አልኩት።

«ሄዷል፣ አልተመለሰም። ቴክኒካሊ ውሸት አይደለም» አለኝ።

ልጁ ክፋት የለበትም፤ ያለውን መንገድ ነው ያሳየኝ። ግን ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው ሬሳ ላይ ቆሞ ስም ያጠፋል? ጋሽዬ፣ ይህን እንዳላደርግ የሚያድነኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሚያዝያ ያለፈው በእርስዎ ቀጠሮ ነው። ሐምሌ 15ን አያሳልፉብኝ። ለእማማ የሚሆን ሰማያዊ ፖስታ የለም። ከእንግዲህ በእሱ እጅ መጻፍ አልችልም።

ጌጤነሽ


መርሳ፣ ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌጤነሽ፣

መጽናናትን የሚሰጥ እሱ ብቻ ነው፤ ለአንቺም ለሁላችንም ይስጠን።

ቀጠሮዬን አክብሬያለሁ። ሰኔ 18 ማለዳ ካህኑንና የእድሩን ሽማግሌዎች ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ ሰው እንዲናገር አላደረግሁም፣ እኔው ነገርኳቸው። ማን እንደላከውም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላለቀሱም። «ታዲያ ጉሮሮውስ?» አሉኝ።

«ጉሮሮውን አልታመመም እትዬ።»

«ተልባውን ማን ጠጣው?»

«ጌጤነሽ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ከተማው በሙሉ ወጣ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የዘገየ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ እንደ ትኩስ ሬሳ ተለቀሰ።

በሰባተኛው ቀን መቃብሩን አሳየኝ አሉኝ፤ ወሰድኳቸው። አንቺም እንድታውቂው፣ ወንድሜነህ ለብቻው አልተቀበረም። ከመኪናው የወጡት ሰባቱም በአንድ ጉድጓድ ናቸው፣ ላዩ ድንጋይ ነው። እኔ የደረስኩት በማግስቱ ስለነበር ሲቀበሩ አላየሁም፤ የቀበሩት ሰዎችም እንግዳ ነበሩና የት እንዳሉ አይታወቅም። ድንጋዩን ሲያዩ ቆዩና «ኃይሌ፣ ከሰባቱ የትኛው ነው?» አሉኝ።

መዝጋቢውን ልጅ ብለምነው ቅጹንና የአሻራ ቀለሙን ይዞ ቤታቸው ድረስ መጣልኝ። ያንቺን ነገር፣ የቤቱን፣ የማርያማዊትን፣ የፍርድ ቤቱን ቀን አንድ ሳልደብቅ አስረዳኋቸው። ሲያዳምጡ እንባቸው ይወርዳል። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ቃል መያዝ ሥራዬ ነበር።

«ለዚያች ልጅ ሁለቱንም ዓይኖችሽን አምጪ ብትሉኝ እሰጣለሁ። አሻራዬን ግን እዚህ ላይ አላኖርም። አለ ስትሉኝ አመንኳችሁ። ደብዳቤውን አመጣችሁ፣ አመንኳችሁ። ቆርቆሮውን አመጣችሁ፣ አመንኳችሁ። አሁን የለም ስትሉኝ ደግሞ እመኚ ትሉኛላችሁ። አጥንቱን ያሳየኝ የለም፤ ሰባት ሰው ባለበት ድንጋይ ነው ያሳያችሁኝ። ማናችሁን ልመን? ልብሱን ወይ አንድ ጥርሱን አምጡልኝና ያን ቀን ሁለቱንም እጄን ቀለም ንከሩት።»

ጌጤነሽ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው? ዋሽተሃል ሲሉኝ እውነታቸውን ነው። ቅጹን ይዤ ቤቴ ገብቼ የራሴን አውራ ጣት ቀለም ነክሬ ነበር። ይህን የማደርግ ሰው አልነበርኩም፤ ለአንቺ ስል ግን ላደርገው ተነሥቼ ነበር። ግን መዝጋቢው እምቢ ማለታቸውን በዓይኑ አይቷል፤ ዋጋ የለውም። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ወረቀት ሳወጣ ኖሬ ለአንቺ አንዲት ገጽ ማውጣት አቃተኝ።

ይህን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥቻለሁ፤ በአበባ ዘመዶች በኩል ከቀኑ በፊት ይደርስሽ ይሆናል። እትዬም መልእክት አላቸው። «በእሱ ስም እንዳትጽፍልኝ። በራሷ ስም ትጻፍልኝ» ብለዋል።

ኃይለመለኮት


አሌክሳንድሪያ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ይህ ደብዳቤ የእማማ ነው። አደራዎን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያንብቡላቸው። እኔን ያዘኑልኝ መስሎዎት አንድ መስመር እንዳይዘሉ።

ይድረስ ለውድ እናቴ ለእማማ የዓለምዘርፍ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እዚህ ሆኜ እግርዎ ሥር ተደፍቼ አብሬዎት አለማልቀሴ ያንገበግበኛል። ሁለት ዓመት በልጅዎ ስም የጻፍኩልዎት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ ግን እጠይቅዎታለሁ። «እማዬ» ብዬ ስጽፍልዎት የእኔም እናት ሆነውልኝ ነበር። እሱ ግን ውሸት አልነበረም።

አሻራዬን አላኖርም ማለትዎን ሰማሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ፍርድ ቤት ልቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ተናደድኩብዎት፤ አልዋሽም። ከዚያ ልብስ ሳጣጥፍ አሰብኩት። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ማርያማዊት ብትሆንብኝ፣ እንደዚያው አደርጋለሁ። አልፈርድብዎትም እማማ።

ሐምሌ 15 ፍርድ ቤት ሄድኩ። ልጄን የምተውበት ስላልነበረኝ ይዣት ሄድኩ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጊዲዮን የሚባለው ልጅ ከጎኔ ነበር፣ ማኔጀሯም ነበረች። ክፍሉ እንደ እኔ ያለ ሰው ሞልቶታል። አንዱ ሲጠራ ሌላው ሳይቀመጥ ያልቃል። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች፣ የደከማት ሴት ናት። «ባልሽ የት ነው?» አለችኝ። «ጦርነት ገደለው» አልኳት። «ማስረጃ?» አለች። የአከራዮቹ ጠበቃ ብድግ ብሎ ስድስት ወር ሙሉ ጠብቀናታል አለ። እውነቱን ነው፣ ጠብቀውኛል። ዳኛዋ ዛሬ መፍትሔ ከሌለ በአሥር ቀን ውስጥ ቤቱን ታስረክቢያለሽ አለችኝ።

ጊዲዮን ቦርሳው ውስጥ ወረቀቱን ይዞት መጥቶ ነበር። እንደማልፈርም ነግሬው ስለነበር አላወጣውም። እኔ ዞሬ ማርያማዊትን አየሁ። ከቤቱ ቢያስወጡን ወዴት ነን? ሉሊት ያላት አንድ ክፍል ነው፤ እሷም ሁለት ልጅ አላት። «ስጠኝ» አልኩት።

ቀኝ እጄን አነሣሁ። እውነት ነው ብዬ ማልኩ። ከዚያ ፈረምኩ። ወረቀቱ የሚለው ባሌ ወንድሜነህ ጥቅምት 2014 በገዛ ፈቃዱ ትቶን እንደሄደ፣ እንዳልተመለሰ፣ እኔና ልጁን እንደጣለን ነው። ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም። ዳኛዋ ፈረመች፣ ማኔጀሯ እጄን ጨበጠችኝ። ዕለቱን አስፈረሙኝ፤ ቃሏን ጠብቃለች። በአዲሱ ሊዝ ላይ ባል የሞተባት የሚል ሳጥን ነበረ። እሱን ምልክት አድርጊልኝ ብላት አይሆንም፣ ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋር አይሄድም አለችና «የተለያዩ» የሚለውን ምልክት አደረገችበት።

እማማ፣ እርስዎ ልጄ ሞተ አልልም ብለው ጣትዎን ከለከሉ። እኔ ደግሞ ባሌ ጣለኝ ብዬ እጄን ሰጠሁ። አሥራ አንድ ቀን የሰው ቁስለኛ ሲሸከም የሞተ ሰው ነው። ቤተሰቡን የጣለ ተብሎ እዚህ መንግሥት ዘንድ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ይህን ከጋሽ ኃይለመለኮትም ከሌላም ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት። ቢረግሙኝም እቀበላለሁ።

ከቤቱ አልወጣንም። አልጋችንም፣ ድስታችንም፣ መስኮቱም ያው ነው።

ማርያማዊት ግን ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥታ አንብባዋለች። እንግሊዝኛውን እኔ ፈርሜው እሷ ነች የተረዳችው። ወጥ ቤት መጥታ ቆመች፤ አታለቅስም። «ማም፣ አባዬ ሞቷል ብለሽኝ ነበር። ጥሎን ነው እንዴ የሄደው?» አለችኝ። ውሸት ነው እንዳልላት ፍርድ ቤት ስምል አይታኛለች። እውነት ነው አልላትም። አምስት ቀኗ ነው ካናገረችኝ።

እናቴ፣ ምን ልበላት? ለእኔ ባይሆንም ለእሷ አንድ ቃል ይላኩላት። ከእንግዲህ ልጄ እኔን አታምነኝም።

ልጅዎ ጌጤነሽ